የሦስት ዓመት እጥፋት

አዋሳ፣ ታቦር ሥር
ጥር 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአባይነሽ፣

የኪየቭ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ሐይቁም ደህና ነው፤ ዓሣው ዛሬም ከስኳር ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። የእንስሳት ሕክምናውን ስትጨርሺ መምህሮችሽ ሁለት ዓመት ጨምረሽ እንድትማሪ እንደጠየቁሽ ጽፈሻል። «ታቢታ ከፈቀደች እቆያለሁ፤ ካልፈቀደች ሰኔ ላይ እመጣለሁ። ጠይቃትና ጻፍልኝ» ብለሻል። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ሥልጣን ሲሰጥ ያነበብሁት በሕፃንነታቸው ዘውድ ስለ ጫኑ ነገሥታት ብቻ ነው። የአብዛኞቹም መጨረሻ አላማረም።

ልጅሽ አሁን ልብስ ሰፊ ሆናለች። ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የአሻንጉሊት ልብስ ይሰፋሉ። ጨርቁን ለሁለት ማጠፍ፣ ለአንገት ቀዳዳ ማውጣት፣ ጎንና ጎኑን መስፋት፤ በቃ። እኔንም አስተምራኛለች። የእኔ ቀሚስ አንገቱ ጠብቦ የአሻንጉሊቷን ጭንቅላት አላሳልፍ ስላለ የጠመኔ መያዣ አድርጌዋለሁ።

ቁርጥራጭ የሚሰጠን መሃል ከተማ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ሙክታር ነው። የሚተርፈው የቀበሌ ጥበቃዎች ካኪ ብቻ ስለሆነ አሻንጉሊቷ ሽታዬ ከቆብ እስከ ጉርድ ካኪ ለባሽ ናት። የሰፈር ልጆች ቤታችን ሲገቡ «ጓድ ሽታዬ፣ እንለፍ?» ይሏታል።

«መምህር፣ መርፌ ጨበጡ አሉ» አለኝ ሙክታር። «እንጀራዬን ሊነጥቁኝ ነው?»

«ሥራዬን አይተኸው ቢሆን እንቅልፍህን ትተኛ ነበር» አልሁት።

ስትሄጂ የሰፋሽላትን ሰማያዊ ቀሚስ መቼም አትረሺውም። ሰፋ አድርገሽ ሰፍተሽ፣ ጠርዙን ሦስት ጊዜ አጥፈሽ፣ «በየዓመቱ አንዷን ፍታላት፤ ሦስተኛዋ በተፈታች ዓመት እመጣለሁ» ብለሽኝ ነበር። መስከረም ላይ ሦስተኛዋን ፈታን፤ ክሩን የተረተረችው ራሷ ናት፣ እየዘፈነች። በእጥፋቱ ውስጥ የነበረው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ቀሚሷ ከላዩ ይልቅ ታች ታቹ ይደምቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠየቅኋት። የጻፍሽውን ቃል በቃል አነበብሁላት።

«ስንት ዓመት?» አለች።

«ሁለት።»

«ከአሁን ነው ከሰኔ?»

«ከሰኔ።»

ሽታዬን አስቀምጣ ጉርዷን ገፈፈቻት። ከዚያ የራሷን ቀሚስ አውልቃ፣ ካኪውን በመቀስ ለሁለት ከፍላ፣ ሰማያዊው ጠርዝ ላይ አንዱን ከሌላው ሥር አድርጋ ቀጠለችው። ጉርዷ ትንሽ ስለሆነች ቅጥያው ዞሮ አልገጠመም፤ ፊት ለፊቱን ብቻ ሸፈነ። ላግዝሽ ብላት እጄን መለሰችው። ስትጨርስ ለብሳው ፊቴ ቆመች።

«ይኸው። ይበቃኛል። እማዬን ትቆይ በላት።»

«ከልብሽ ነው?»

«አባዬ ደግሞ! ሰፋሁት እኮ!»

ሽታዬን ያለ ጉርድ አንጠልጥላ ወደ ጓሮ ወጣች። ለልጆቹ «ልብስ አጥባ ነው» ስትላቸው በመስኮት ሰማሁ።

እንግዲህ ልጅሽ ፈቅዳለች። የተላክሁበትን በታማኝነት አድርሻለሁ። ከእሷ በቀር እንድጠይቅ የታዘዝሁት ሰው ስለሌለ የሌላ ሰው አስተያየት አልሰበሰብሁም።

ስለ ስፌቱ ግን ያየሁትን ልጻፍልሽ። ካኪው ጠንካራ ነው። ክሩ ነጠላ ነው፤ መርፌው የወጣበትና የገባበት ተራርቋል፤ መስመሩም ወደ መጨረሻው ተንጋዷል፤ እዚያ ላይ እጇ ሳይደክም አልቀረም። ትናንት ሳጥበው አንደኛው ጎን ተተረተረ። እሷ ሳታይ መልሼ ሰፋሁት፤ ዛሬ ጠዋት ሌላው ጎን ለቀቀ። አባይነሽ፣ በመርፌ ነገር ገና ጀማሪ ነኝ፤ ይህ ስፌት ግን ሁለት ዓመት አይይዝም።

ወደ ኪየቭ በሚላክ ደብዳቤ ላይ ስሙን የማንጽፈው እሱ፣ ከብርዱም ከክፉውም ይሰውርሽ።

ባለቤትሽ
ደረሰ