ስማቸውን በሰንጢ ላይ የመቱት የአቶ ያርጋል ገብረ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ያርጋል ገብረ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሚካኤል ውቤና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስጦታ አድማሱ በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ከዳባት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ «ባለሙያ ነበሩ ብላችሁ እለፉት፤ በቀብር ላይ ቀጥቃጭ የሚል ቃል ምን ያደርጋል?» ብለው የመከሩን ዘመዶች አሉ። ምክራቸውን በአክብሮት ሰምተናል፤ ቃሉን ግን አላወጣነውም። አቶ ያርጋል ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሸሸጉትን እኛ በአንድ ቀን አንሸሽግላቸውም።

በተወለዱበት መንደር ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ ሁሉ የሚመጣው እነሱ ደጅ ነበር። አሠርቶ ይሄዳል እንጂ ቁጭ ብሎ ጠላ አይጠጣም፤ ሠርግ ሲደግስ አይጠራቸውም፤ ልጁን ሆዱን ሲያመው «የቀጥቃጭ ዓይን አይቶት ነው» ይላል። አቶ ያርጋል ከቄስ ዘንድ ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ትምህርት ቤት ገብተው ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ፣ አብሯቸው የሚማር አንድ ልጅ ምሳውን በልቶ ታመመ። የልጁ እናት መጥተው ጮኹ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አቶ ያርጋል ከሌሎቹ ተለይተው ለብቻቸው ከግድግዳ ሥር እንዲቀመጡ ተደረገ። እናታቸው ከትምህርት ቤት ሊያስቀሯቸው ፈልገው ነበር። አባታቸው ግን «ነገ ከቀረህ እውነት ነበር ይላሉ። ሂድና ተቀመጥ» አሏቸው። ሄደው ተቀመጡ። ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ከአባታቸው ጋር ወናፍ እየነፉ፣ መዶሻ እያነሱ ሙያውን ተማሩ። በ1964 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መጥተው በአንድ ጋራዥ ተቀጠሩ። ወደ ዛሪማ የሚወርዱና ከዚያ የሚወጡ የጭነት መኪናዎች በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ጭነት የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ባሌስትራቸውን፣ እየሰበሩ ይመጡ ነበር። የተሰበረው ባሌስትራ ከተነሣ በኋላ አጥር ሥር ይጣላል። አቶ ያርጋል የተጣለውን እየለቀሙ ሰበሰቡ። የጋራዡ ሰዎች «ይህን ሁሉ ቁርጥራጭ ምን ሊያደርገው ነው?» እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከገበያው ዳር የራሳቸውን ምድጃ ሲተክሉ ከጋራዡ ይዘውት የወጡት ሀብት ያ የብረት ክምር ብቻ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. አቶ ታደለ የሚባሉ በቅሎ ነጂ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው የሰጣቸውን ሰንጢ ሞላው ተሰብሮ ይዘው መጡ።

«ይህ ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

«ሠርቼ አላውቅም። ልፍታውና ልየው» አሉ አቶ ያርጋል።

ፈትተው ካዩት በኋላ ሁለት ቀን ሌላ ሥራ አልነኩም። ሰንጢውን ጠግነው ለባለቤቱ መለሱና የራሳቸውን መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ስለት ተሰነጠቀ። የሁለተኛው ሞላ ላላ። ሦስተኛው በድንገት ታጥፎ የራሳቸውን ጣት ቆረጣቸው፤ ጠባሳውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሦስቱንም ወደ እሳቱ መለሷቸው። አራተኛውን ለአቶ ታደለ ሰጡና «ከተሰበረ አምጣው፣ ካልተሰበረ ለሰው አሳየው» አሏቸው።

የአቶ ያርጋል ሰንጢ ስሙ በከንቱ አልወጣም። ስለቱ ከባሌስትራ ይወጣል፤ በእሳት ግሎና ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለሚጠነክር ክረምት ከበጋ ቢሠሩበት ቶሎ አይዶለዱምም፣ እንደ መስታወትም አይሰበርም። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ በዝናብ እጅ አያንሸራትትም። ሞላው ስለቱን ከኋላ ደግፎ ስለሚይዘው ሲቆርጡበት ተመልሶ ጣት ላይ አይታጠፍም። ከስለቱ ጎን አውራ ጣት የሚገባበት ጎድጓዳ አበጅተውለት ስለነበር፣ በደጋው ብርድ የደነዘዘ እጅም ቢሆን ያለ ሌላ እጅ እርዳታ ይከፍተዋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ማንኛውንም ሰንጢ ለባለቤቱ ከማስረከባቸው በፊት ሦስት ቀን በራሳቸው ኪስ ይዘውት ይዞሩ ነበር። ሽንኩርት ይከትፉበታል፣ ጠፍር ይቆርጡበታል፣ የባሕር ዛፍ ችካል ይጠርቡበታል። ሰው ቢያስቸኩላቸውም አይሰሙም። ሱሪያቸው ሁልጊዜ ኪሱ የተቀደደ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንከን ካላገኙበት ከእጀታው ሥር «ያ» የምትለውን ፊደል ይመቱበታል። «ስሜ ካለበት መልሰህ ብታመጣው አላፍርም» ይሉ ነበር። የመጣላቸውን ሁሉ እስከ ዕለተ ሕመማቸው ያለ ዋጋ ጠግነዋል።

በ1973 ዓ.ም. ከአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ከተወለዱት ከወ/ሮ ዓለምብርሃን ጋር ተዋደው ለጋብቻ ሽማግሌ ላኩ። የወ/ሮ ዓለምብርሃን አባት ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሷቸው። ልጃቸውን ጠርተው «ዘር ማንዘርሽን ልታሰድቢ ነው?» አሏቸው። ወ/ሮ ዓለምብርሃንም «አባዬ፣ እርስዎ የሚያርሱበትን ማረሻ ማን ሠራው? እሱን ሲይዙ እጅዎ አልረከሰም» ብለው መለሱ። ከሳምንት በኋላ በእግራቸው ወጥተው ደባርቅ ገቡ። በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ ከሙሽራዋ ወገን የተገኙት አንዲት አክስት ብቻ ነበሩ። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ የአቶ ያርጋልን ደጅ አልረገጡም። ሲሞቱ ግን አቶ ያርጋል ሄደው ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሆኑ። ትከሻ ላቀብል ብለው ያስፈቀዱት ሰው አልነበረም፤ ገብተው ተሸከሙ። ጥንዶቹ አርባ አራት ዓመት አብረው ኖረው ደርቤ፣ ጥበብና እየሩስ የተባሉ ልጆች አፍርተዋል።

በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ከላይ የተጠቀሱት አቶ ታደለ የእንግዶች ድንኳን የጫነች በቅሎ እየነዱ በሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር ባሻገር ባለው ጠባብ መንገድ ሲያልፉ ውርጭ ያላላው አፈር ተናደ። በቅሎዋ ወደ ገደሉ ስትንሸራተት የጭነቱ ገመድ በግራ ክንዳቸው ላይ ተጠምጥሞ አብሮ ጎተታቸው። በቀኝ እጃቸው ሰንጢውን ከኪሳቸው መዘው በአውራ ጣታቸው ከፈቱት፤ ገመዱንም በሁለት ስበት በጠሱት። በቅሎዋ ገደል ገባች። እሳቸው የአስታ ዛፍ ግንድ ጨብጠው ቀሩ። ክንዳቸው ወልቆ ደባርቅ እንደ ደረሱ በቀጥታ የመጡት ወደ አቶ ያርጋል ነበር። ሰንጢውን ከመቀጥቀጫው ብረት ላይ አኑረው «አለሁልህ» አሏቸው። አቶ ያርጋል ሰንጢውን አገላብጠው አዩና «ጫፉ ተሸርፏል፤ ተቀመጥ፣ ልሞርደው» አሉ። አቶ ታደለም «መጀመሪያ ክንዴን የሚያሽ ሰው ፈልግልኝ» ብለው መለሱ። ያን ጊዜ ነው አቶ ያርጋል ቀና ብለው ያዩዋቸውና ያለቀሱት።

ከዚህ በኋላ የ«ያ» ሰንጢ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዛሪማ በሹፌሩም፣ በአስጎብኚውም፣ በበግ ነጋዴውም፣ በድንች ገበሬውም ኪስ ገባ። ወዳጃቸው አቶ ሸሀቡ በአምባ ጊዮርጊስ ሱቃቸው እያስቀመጡ ይሸጡላቸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተጣልተው አንዱ ሌላውን፣ አቶ ገዱን፣ በሰንጢ ወጋቸው። ሰንጢው ፖሊስ ዘንድ ተያዘ። ፊደሉ በአገልግሎት ብዛት ጠፍቶ ስለነበር ማን እንደ ሠራው ለመለየት አስቸገረ። አቶ ያርጋል ተጠርተው ሲያሳዩአቸው ገና ሳይነኩት «የኔ ነው» አሉ። አይደለም ቢሉ የሚከራከራቸው ማንም አልነበረም።

በሳምንቱ ዕድርተኛው ተሰበሰበ። የዕድሩ ዳኛ አቶ አለምነህ ተነሥተው «ያርጋል፣ ይህን ሰንጢ ተው። ማረሻና ማጭድ ይበቃሃል» አሏቸው። ከኋላ አንድ ሰው «ድሮስ ከቀጥቃጭ እጅ ምን በጎ ይወጣል» አለ። አቶ ያርጋል ቆሙ።

«ሰንጢው የኔ ነው። ለፖሊስም ተናግሬያለሁ» አሉ። «ጥፋቱ የእጄ ነው ካላችሁ ግን ሰንጢውን ብቻ ነጥላችሁ አትኰንኑት። ማረሻችሁንም የሚመታው ይኸው እጅ ነው። እጄ የተረገመ ከሆነ ማረሻውም ይቅርባችሁ።»

በማግሥቱ ምድጃቸውን አጠፉ። ጊዜው የእርሻ ወቅት ነበር። አንዳንዱ ገበሬ ማረሻውን ተሸክሞ ሌላ ከተማ ሄደ፤ አሠርቶ የመጣውም በሳምንቱ ዶለዶመበት። አቶ ያርጋል እቤታቸው ተቀምጠው እጃቸውን የሚያደርጉበት እስኪጠፋቸው ድረስ ተጨነቁ፤ በረንዳው ላይ እየተንጎራደዱ ቀኑን ይገፉት ነበር። ወ/ሮ ዓለምብርሃን «እስከ መቼ?» ሲሏቸው «እኔ እንጃ። ብቻ አሁን ካነደድሁት ዕድሜ ልኬን አንገቴን ደፍቼ ነው የማነደው» ብለው መለሱ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አቶ ገዱ ከሕክምና ወጥተው በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ ዕድሩ መጡ። «የወጋኝ ሰው ስም አለው፤ ታስሯል። ያርጋል ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆኛል። ከእናንተ ስንታችሁ መጣችሁ?» ብለው ተቀመጡ።

በነጋታው አቶ አለምነህ ማረሻቸውን ይዘው ከአቶ ያርጋል ደጅ ቆሙ። አቶ ያርጋል «እሠራልሃለሁ። ዛሬ ግን እደጅ ቆመህ አትጠብቀኝም። ገብተህ ምሳ ትበላለህ» አሏቸው። አቶ አለምነህ ብዙ ቆዩ። ጎረቤት ሁሉ ከየበሩ ያያል። በመጨረሻ ጫማቸውን ከመድረኩ ላይ ጠርገው ገቡ፤ ወ/ሮ ዓለምብርሃን ባቀረቡት ማዕድ ከአቶ ያርጋል ጋር በአንድ ትሪ በሉ። ከሰዓት በኋላ ምድጃው ነደደ። አቶ አለምነህ ዛሬ ከመካከላችን አሉ፤ ይህ ታሪክ ሳይቀነስ እንዲነበብ ያዘዙንም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ሰው ያንን ደጅ አልፎ ገብቷል። ሁሉም አልገባም። ዛሬም ድረስ ያልገባ አለ፤ ለቀብሩ ግን መጥቷልና እናመሰግናለን።

በ2008 ዓ.ም. ከውጭ የመጣ ቀጭን ሰንጢ «ያ» የሚል ፊደል ተመትቶበት በየገበያው ታየ። አቶ ሸሀቡ አንዱን ይዘው መጥተው «ክሰስ» አሏቸው። አቶ ያርጋል ሰንጢውን በአንድ እጃቸው ጠምዘዝ ቢያደርጉት ስለቱ ጎበጠ። በጣም ተናደዱ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን ከሥራ ቤታቸው ደጅ ተቀምጠው «የተሰበረ የያ ሰንጢ ያለው ያምጣ» ብለው አስነገሩ። ሐሰተኛውንም እውነተኛውንም ሳይለዩ ተቀብለው በባሌስትራ ስለት ቀየሩት። ሥራው ወራት ፈጀ፤ እያጉረመረሙም ጨረሱት። «ድሃው ገበሬ ስሜን አምኖ ነው የገዛው። ስሜን የሰረቀኝን እግዜር ይየው፤ ስሜን ያመነውን ግን እኔ ነኝ የማየው» አሉ። ሐሰተኛው ሰንጢም ገዢ አጥቶ ከገበያው ወጣ።

የመጨረሻ ልጃቸው እየሩስ በጎንደር የብረታ ብረት ሙያ ተምራ ስትመለስ ሙያውን ከእጃቸው ተረከበች። «ሴት ልጅ መዶሻ ታነሣለች?» ያሏቸውን ሰዎች «የሠራችውን ሰንጢ ሦስት ቀን ያዘውና ከዚያ አውራኝ» ይሏቸው ነበር። እየሩስ የምትሠራው ሰንጢ ላይ የአባቷን ፊደል ልትመታ ስትል ከልክለዋታል። «የራስሽን ምቺ። ቢሰበር የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ» አሏት። ዛሬ ከ«ያ» ጎን «እ» የምትለዋ ፊደልም በሰው ኪስ ውስጥ አለች።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ሲቀርብ ብዙ ሰው ወደ ጎንደር ሲሸሽ አቶ ያርጋል ከቤታቸው አልተነሡም፤ ከየመንደሩ ተፈናቅለው ለመጡት ቢላዋና መጥረቢያ እየሳሉ ሰነበቱ።

አቶ ያርጋል በዕድሜ ልክ የከሰል ጢስ ሳንባቸው ተጎድቶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደባርቅና በጎንደር ሲታከሙ ቆይተዋል። ሐኪሞቹ ከእሳት እንዲርቁ ሲነግሯቸው ከምድጃው አሥር እርምጃ ርቀው ወንበር አስቀመጡ፤ ከዚያ በላይ አልራቁም። ሐሙስ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ሥጋ ወደሙን በተቀበሉ በሦስተኛው ቀን፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና የንስሐ አባታቸው ባሉበት ዐረፉ።

አቶ ያርጋል ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዓለምብርሃንን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ለጠየቁን፣ ከዳባት፣ ከአምባ ጊዮርጊስና ከዛሪማ መንገድ አቋርጠው ለመጡ፣ ከመስጊድ መልስ መቃብሩን ለቆፈሩልን ለአቶ ሸሀቡ ቤተሰቦች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

በእንጨት ጠራቢው በዮሴፍ ቤት በእጁ እየሠራ ያደገው ጌታችን የአቶ ያርጋልን ነፍስ ይቀበልልን፤ የሠራተኛን እጅ የማይጸየፍ እሱ ራሱ እጃቸውን ይዞ ያስገባቸው። አሜን።