ምርቃት የምትጠብቀው የላስቲክ ነፍሰ ጡር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለሴሬአና፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እግርሽስ ማበጡን ተወ? ሆድሽ ውስጥ ያለውስ በደንብ ይራገጣል? እናታችን ወገቧን ተሻላት? ካሳቫውስ ከዝናቡ ተረፈ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ንዴቴ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል፤ እና ስሚኝ።

ተማሪዎቼ በአልትራሳውንድ ማየት የሚለማመዱባት የላስቲክ ነፍሰ ጡር ከመጣችልን አምስት ወር ሆነ። መሣሪያውን ሆዷ ላይ ሲያስኬዱት የልጁ ጭንቅላት ወዴት እንደሆነ፣ እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ በመሣሪያው መስኮት ላይ ይታያል። ቢሳሳቱባት የምትሞት ሴት የለችም። ታዲያ ማን ነክቷት! አለቃችን ዶክተር ኢሶአ ምርጥ ምንጣፍ አልብሶ ቆልፎባታል። የክብር እንግዳው መጥተው ሪባን ቆርጠው ሳይመርቋት አትነካም አለ። እሳቸው ደግሞ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ አራዘሙ። በሁለተኛው እንዲያውም ለድግሱ የታረደው አሳማ ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በላነውና ተበተንን።

ልጆቹ እኮ ሰኞ ለሥራ ወደየደሴቱ ይሄዳሉ! ወደ እናንተ ጤና ጣቢያ የምትመጣው ኡናይሲ የምትባል ተማሪ ናት። «መምህርት፣ በእውነተኛ ሴት ልጀምር ነው?» ስትለኝ አንቺ ፊቴ ላይ ድቅን አልሽ። ዓምና «ደህና ነው» ተብለሽ፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀንሽን አፍ ዘግቶት፣ በደም ተነክረሽ ከጀልባ ስትወርጂ የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ። ያንን ልጅ ስንቀብር የክብር እንግዳ አልነበረም።

ዶክተሩ ዘንድ ገባሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ አዲስ ምንጣፍ ስታነጥፊ ከእንግዳ በፊት ልጆችሽን ታስረግጫለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ! ምጥ ቀጠሮ አያራዝምም ብዬው ወጣሁ። ትናንት ጠዋት ቁልፉን ከጽዳት ሠራተኛዋ ተቀብዬ ከፈትኩ፤ ምንጣፉን ገፍፌ ልጆቹን ጠራኋቸው።

ኡናይሲ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ እንግዴ ልጅ አራት ጊዜ አለፋት። አራቱንም ጊዜ «ደህና ነው» አለች። እጇን ይዤ መራኋት፤ በአምስተኛው ራሷ አገኘችውና ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ቦታውን እየቀያየርኩ እስከ ማታ ፈተንኳት፤ አንድም አልሳተች። እነዚያ አራቱ እኮ ባንቺ ላይ ሊሆኑ ነበር፣ ሴሬአና! ለአንድ ሪባን ሲባል! ኧረ በሕግ!

ዛሬ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተሰጠኝ፤ እንግዳ አዋረድሽ ተባልኩ። ረቡዕ ኮሚቴ ፊት እቆማለሁ። ይቅርታ ጠይቂና ይለፍልሽ የሚሉኝ አልጠፉም። ይቅርታ ከምጠይቅ ገበያ ወጥቼ ዓሣ ብሸጥ ይሻለኛል።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ ራሷ ኡናይሲ ናት። የሚበላ ስጫትና ተኚላት፤ አታጣድፊያት። «ደህና ነው» ካለችሽ፣ የቱ ጋ እንዳለ በጣትሽ አሳዪኝ በያት። ሱቫ ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ ካለችሽ ግን ሽማግሌ ይምከርበት፣ እሑድ ይለፍ እንዳትዪ፤ በዚያው ቀን ነይልኝ።

እናታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስታችንን ማካሬታን የላከችው የኮኮናት ዘይት ደርሶኛል በያት። ባልሽን ፔኒን ሰላም በይልኝ፤ ጀልባዋን ነዳጅ ሞልቶ ያቁማት፤ ለዓሣም ቢሆን እንዳይነካት።

እህትሽ አካኒሲ
ሱቫ፣ ዓርብ ኦገስት 9 ቀን 2024