ሰማንያ አምስት በመቶ አልቋል ስለተባለው ቶርኖ

ለክቡር የቴክኒክና የንብረት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከማኅተሙ ተለይቶ ለማያውቀው ቀኝ እጅዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ በሕንፃው ምድር ቤት፣ ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ወርክሾፕ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቶርኖ ላይ የቆምኩ ሠራተኛዎ ነኝ። በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ አራተኛውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ። ሰሌዳው ከመኪና ማቆሚያዎ ፊት ለፊት ስለሆነ ለማንበብ ብለው ከመንገድዎ አይወጡም።

ጉዳዬ አጭር ነው። አሮጌው ሲኤንሲ ቶርኖ፣ ማለትም ከኮምፒውተር በገመድ የሚላክለትን ትእዛዝ እየተቀበለ ብረት የሚቆርጠው ማሽን፣ በፊታችን ሐሙስ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጭኖ እንዲወጣ በፊርማዎ አዝዘዋል። ምክንያቱም «ከኮምፒውተሩ ጋር መግባባት ስላልቻለ» ይላል። ይህ ማሽን ከወጣ የጉልበት ማጠፊያ የሚሠራልን ሌላ ማሽን የለንም፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ እስካለፈው ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ነበሩ። ከእነሱ አንዱ በየጠዋቱ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ለመኪናዎ በር የሚከፍቱልዎት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የግቢው ጥበቃ ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ እዚህ ደረጃ ላደረሰን ውለታዎ ሁሉ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

፩ኛ. ስለ ጽዳት ዘመቻው። ከአራት ወር በፊት እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተብሎ ወለል ላይ የሚታይ ገመድ ሁሉ በአንድ ቦይ እንዲሰበሰብ ሲያዝዙ፣ ወደ ማሽኑ የሚሄደው እንደ እርሳስ የቀጠነ የመልእክት ገመድ ከብየዳው ወፍራም ገመድ ጋር ጎን ለጎን ተጣብቆ ታሰረ። ወርክሾፑ በእርግጥ አማረ። እንግዶቹ ቀሩ፤ ገመዶቹ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ተቃቅፈው እየጠበቋቸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ሥራውን እየጀመረ መሐል ላይ ቀጥ ይል ጀመር። የቆየ ማሽን ስለሆነ የማስታወስ ችሎታው ጠባብ ነው፤ ትእዛዙን ሁሉ አንድ ጊዜ መያዝ ስለማይችል ጥቂት ይቀበላል፣ ይቆርጣል፣ እንደገና ይቀበላል። የተላከለት ቁጥር ተበላሽቶ ከደረሰው በግምት አይቆርጥም። ቆሞ በቁጥር ማሳያ መስኮቱ ላይ 85 ብሎ ይጽፋል፤ ትርጉሙም በመመሪያው መጽሐፍ እንደሰፈረው «የተላከልኝ መልእክት ተዛብቷል» ማለት ነው። ያልገባውን አልገባኝም የሚል በዚህ መሥሪያ ቤት ከእሱ ሌላ ስላላየሁ፣ በበኩሌ አከብረዋለሁ።

፪ኛ. ስለ አዲሱ ኮምፒውተር። በዘመነ ቴክኖሎጂ ዝግታ አይፈቀድም ተብሎ የመላኪያው ፍጥነት እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ ስለመጣልኝ አመሰግናለሁ። ሽማግሌውን ማሽን ሩጥ ማለት ስላልሆነልኝ ኮምፒውተሩን ዝቅ አድርጌ ከማሽኑ እርምጃ ጋር አስተካከልኩት። ያም ሆኖ 85 አልጠፋም። የገመዱን ጫፎች ፈትቼ እንደገና በየድኩ፣ በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ ለካሁ፣ መሰኪያውን ቀየርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ከራሴ ስፈልግ ባለቤቴ ቤት ውስጥም እንደ ማሽኑ መሐል ላይ ቀጥ ማለት ጀምረሃል ብላኛለች።

ምስጢሩን ያገኘሁት በሻይ ሰዓት ነው። በያጁ ሻይ ሲጠጣ ማሽኑ እንደ ወጣት ይሠራል፤ በያጁ ሲመለስ 85 ይላል። በያጁ የባለቤቴ ወንድም ስለሆነ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ተንኮሉን ነበር፤ ለዚህም በዚሁ አጋጣሚ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ለካ እሱ እሳቱን በጫረ ቁጥር በወፍራሙ ገመድ የሚሮጠው ኃይል በቀጭኑ ላይ እየጮኸበት መልእክቱን ያበላሽ ኖሯል።

፫ኛ. ስለ ጸጥታ ማስከበሩ። ገመዱን ያለ ፈቃድ መንካት ስለማይቻልና ፈቃዱን የጠየቀው የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባለ፣ እኔና አማቼ የራሳችንን መላ ዘየድን። እሱ ሊበይድ ሲል ምሰሶውን በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ እኔ መላኩን አቆማለሁ። ሲጨርስ አንድ ጊዜ ይመታል፤ እኔ እቀጥላለሁ። በዚህ ዘዴ በአንድ ወር ዘጠኝ ማጠፊያ ሠርተን ዘጠኝ ሰው ቤቱ በእግሩ ገብቷል። ምሰሶው ለካ ሽቅብ ወጥቶ ቢሮዎን የሚያቋርጥ ኖሮ፣ «በሥራ ሰዓት መንኳኳት ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያዎ እርስዎ ከዓመት ፈቃድ በተመለሱ ማግስት ደረሰን። ሁለተኛው ደብዳቤዬ ያለ መልስ የቆየው ሁለት ወር ስለሆነ ይህ ፍጥነት አስደንቆኛል። ለካስ ከእርስዎ ጋር ለመገናኘት ከወረቀት መዶሻ ይሻላል።

፬ኛ. ስለ ኮሚቴው፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ማሽኑን እንዲመረምሩ የላኳቸው አምስቱ የኮሚቴ አባላት በመጀመሪያው ቀን ሲመጡ፣ ገለጻው በደንብ ይሰማ ዘንድ በያጁ ሥራ እንዲያቆም አደረጉ። ብየዳው ቆመ፤ ማሽኑም አንድም ሳይሳሳት ሠራ። ስለዚህ «ብልሽት የለም፤ የባለሙያው ትጋት ግን ሊፈተሽ ይገባል» ብለው ጻፉብኝ። በሁለተኛው ጉብኝት በያጁ እንዲሠራ ለምኜ አስፈቀድኩ። ብልጭታው ሲነሣ ማሽኑ ቆመና 85 አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ በመጨረሻ በዓይናቸው አዩ አልኩ። እነሱም በእርግጥ አይተው በቃለ ጉባኤ አሰፈሩት፤ «ማሽኑ ሰማንያ አምስት በመቶ ማለቁን በራሱ መስኮት ስላረጋገጠ እንዲወገድ» ብለው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳነብ አፌን በእጄ ያዝኩ። መመሪያው መጽሐፍ ከማሽኑ ጎን በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንዱ የኮሚቴ አባል ሲያልበው በእሱ ራሱን ሲያራግብ አይቻለሁ።

አምስተኛውን ሆድ ይፍጀው ልል ነበር፤ አልቻልኩም፣ ስለተናደድኩ እናገራለሁ። ባለፈው ሰኞ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቀጭኑን ገመድ ከቦዩ አወጣሁትና በሌላኛው ግድግዳ ሥር፣ ከብየዳው ሰባት እርምጃ አርቄ ዘረጋሁት። በያጁ ከጠዋት ጀምሮ ያለ እረፍት በየደ። ማሽኑም አሥራ አንድ ማጠፊያ፣ ደግሜ እላለሁ አሥራ አንድ፣ ያለ አንድ ስህተት ቆረጠ። አሥራ ሁለተኛውን ግማሽ ሲያደርስ ኤሌክትሪሺያኑ «ከደንብ ውጭ ወለል ላይ የተዘረጋ ገመድ» የሚል ትእዛዝዎን ይዞ መጣ፤ ቀጭኑን ገመድ ወደ ቦዩ መልሶ አሰረ፣ ዋናውንም ማብሪያ አጠፋና አሸገው። እሱም የታዘዘውን ነውና አልቀየምኩትም።

የምጠይቀው አዲስ ማሽን አይደለም፤ አዲስ በጀትም አይደለም፤ ሹመትማ ከቶ አይደለም። የማብሪያው እሽግ ተነሥቶ ሁለት ገመድ እንዲለያዩልኝ ብቻ ነው። ለመፍታት መቆንጠጫ አለኝ፤ ሥራው ለእኔ አሥር ደቂቃ፣ ለእርስዎ አንድ ፊርማ ነው። ይህን ብቻ ቢያደርጉልኝ በሌሎቹ ጉዳዮች ሁሉ እንደ ወትሮው ባይሰሙኝ ቅር አልሰኝም።

የተላከልዎት ቃል ሳይዛባ እንዲደርስዎት፣ ከተዛባም እንደ ማሽኑ ቆም ብለው እንዲጠይቁ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እስከ ሐሙስ ድረስ የማሽኑ፣ ሁልጊዜም የእርስዎ ታዛዥ፣
የምድር ቤቱ ቶርኖ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ አሥራ ሁለተኛው ማጠፊያ ግማሹ ብቻ እንደተቆረጠ በማሽኑ መንጋጋ ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል። ኃይል ካላገኘ መንጋጋው ስለማይከፈት፣ ሐሙስ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይጫናል። የጋሼ ጉልበት ነው። ማሽኑን ለሚወስደው የጭነት መኪና በሩን የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸውና መልእክቴን አድርስልኝ ብለውኛል፤ ባለችኝ እግር የምችለውን ያህል እፈጥናለሁ፣ ሹፌሩ ግን ምሳውን ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል ብለዋል።