የማትያስ ቤት አፈር

ለውድ እኅቴ ሣህሊቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጉልበትሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ሰረቀብርሃንስ፣ ልጅሽ ሳሊናስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትሽ ሌላ የሚያስተኛ ሕመም የለብንም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። እናታችን አደይም ደህና ናት፤ ጥርሷ ቢያልቅም ቁጣዋ አላለቀም።

ይህን የምጽፍልሽ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። የማትያስን ቤት ጣሪያ አፍርሰናል። አዎ፣ አባታችን ወንድማችን ሲያገባ ይገባበታል ብሎ የሠራውን ባለአፈር ጣሪያ ህድሞ፤ እንዳልነካው ያስማልሽኝን። ቆይ፣ አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እንደምታውቂው የአደይ የሽንኩርት መደብ ከቦዩ መጨረሻ ነው። የውሃ ተራዋ በሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ከግድቡ የሚለቀቀውን ውሃ መንገድ ላይ አፈሩ ይጠጣውና እሷ ዘንድ ሲደርስ እግር አያርስም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። አምና ሽንኩርቷ ሁሉ ደረቀባት። ዘንድሮም ከደረቀ መሬቷን ትታ እኔ ዘንድ አስመራ ልትገባ ነበር፤ እሷን ከዚያ መንቀል ደግሞ መግደል ነው።

እኔም ከጋራዡ ፈቃድ ወስጄ አገር ቤት ሄድኩና ቦዩን በሸክላ አፈር ለሰንኩት። እንደ ግድግዳ ልስን በደንብ ይድረቅ ብዬ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመታሁት። ውሃው ሲለቀቅ ለካስ ሁሉም ተሰነጣጥቆ ኖሯል፣ ከበፊቱ ብሶ ሰረገ! አደይ ሳቀችብኝ። ግድግዳ መድረቅ ይወዳል፣ ቦይ ግን ከደረቀ አለቀለት አለችኝ። ለካ እርጥቡን በእግር ረግጦ፣ በራሰ ጆንያ ሸፍኖ፣ ሳይደርቅ ውሃ መልቀቅ ነው።

ያመጣሁት አፈር ግን በከንቱ አለቀ፤ የሚቆፈርበትም ቦታ ፈንጂ አለበት ተብሎ ታጠረ። በሦስተኛው ቀን አደይ ማትያስ ቤት ወስዳ ጣሪያውን አሳየችኝ። አባታችን መርጦ የደለደለው አፈር ነው፤ ስንት ክረምት አንድ ጠብታ አላሳለፈም። አይሆንም፣ ሣህሊቱ አስምላኛለች ብላት፣ ያስማለችህ ለእኔ ብላ ነው፣ መሐላው በእኔ ይሁን አለች።

የማትያስ መርዶ ከጦር ግንባር ከመጣ ዓመት ቢሆነውም፣ ሬሳውን ሳላይ ብላ ሞቷል የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አንቺም ለእሷ ብለሽ በየደብዳቤሽ ለማትያስ ሰላምታ ትልኪ ነበር፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላት ነበር። ያን ቀን የመጀመሪያውን ቅርጫት አፈር ከጣሪያው ሳወርድላት፣ ከታች ተቀበለችኝና ነፍሱን ይማረው አለች። እኅቴ፣ እዚያው ጣሪያው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አፈሩን ቦዩ ላይ ለስነን አራት ቀን አብረን ረገጥነው። ሐሙስ ተራዋ ደርሶ ውሃው ሲለቀቅ ሳይጎድል መደቧ ድረስ መጣ። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ማጠጣት ጀመረች። ጥፋት ከሆነ ይቅር በይኝ።

ሰረቀብርሃንን ሰላም በይልኝ፤ የሳሊናን ሁለት ጉንጮች ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሉዋም በጣም ናፍቃሻለች። አደይ ያን የሚያምሽን ጉልበትሽን ትስማለች፤ ከእንግዲህ በደብዳቤሽ ለማትያስ ሰላምታ አትላኪ ብላሻለች።

ወንድምሽ ሊባኖስ
አስመራ፣ እዳጋ ሓሙስ
መጋቢት 6 ቀን 1994 በእኛ አቆጣጠር