መርዶ ነጋሪው አቶ ገበየሁ ተክለብርሃን፤ ድምፃቸውና ሕይወታቸው

አቶ ገበየሁ ተክለብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ተክለብርሃን ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ጎበና ሐምሌ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በይርጋጨፌ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከመንዝ ለንግድ የመጡ ነበሩ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ እንደሚያወሩት፣ ሲወለዱ ያሰሙት ለቅሶ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ጎረቤት ከእንቅልፏ ቀስቅሷታል።

በዚያው በይርጋጨፌ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ዘጠነኛን ዲላ ጀመሩ፤ አባታቸው በማረፋቸው ግን አቋረጡ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ወርቃ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ሠሩ። ገበሬው ያመጣውን ቀይ ቡና መዝነው ኪሎውን አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በጌዴኦኛ ይጠሩ ነበር። ወረፋው መጨረሻ ላይ የቆመ ሰው ሳይጠጋ ይሰማቸዋል። ሲጋራም የለመዱት እዚያው ነው። ይህ በቀብር ቀን አይነገርም የሚል ቢኖርም፣ የሚያጨስ ሁሉ ይስማው ተብሎ ተጽፏል።

ጥር 13 ቀን 1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውዳሴ አየለ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሔለንንና ዘመንፈስቅዱስን ወለዱ። በ1985 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ዲላ ገቡ፤ በአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆነውም ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2012 ዓ.ም. አገለገሉ።

ነገር ግን ዲላ አቶ ገበየሁን የምታውቃቸው በንብረት ክፍል አይደለም፤ በጥሩምባ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ከዕድርተኛው ያረፈ ሰው ስሙ በእርሳቸው አፍ ሳያልፍ አፈር አልቀመሰም። ዝናብ ይሁን ጭቃ፣ ጎህ ሲቀድ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ይወርዳሉ። የሟችን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ጥርት አድርገው ይናገራሉ። የሰው ስም ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠራ ቃል ማጉደል ነውር ነው ይሉ ነበር።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ድምፃቸው ሰለለ። መጀመሪያ የመስቀል ሰሞን ብርድ ነው ተባለ። ዝንጅብሉም ማሩም ጤና አዳሙም ተሞከረ፤ ድምፁ አልተመለሰም። ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸው፣ አንድ ነገር ተናግረው ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዳሴ በጭንቀት ዕንቅልፍ አጡ። ከልጅነታቸው የሚያውቁት የጉሮሮ በሽታ አንድ ብቻ ነበር። «ገቤ፣ እንጥልህ ወርዶ ነው፤ እባክህ እኔን ስማኝ» እያሉ ወተወቱ። አቶ ገበየሁም «እንጥል የሕፃን ነው፤ ቀጥለሽ ደግሞ ጡት ልታስጥዪኝ ነው?» ብለው ቀለዱ። ቀልደውም አልቀሩ፣ ጥር ላይ ሚስታቸውን ደስ ይበላት ብለው ወናጎ አጠገብ አንዲት እንጥል ቆራጭ ዘንድ ሄዱ። ብዙ ደም ፈሰሳቸው። ዘጠኝ ቀን ጠጣር እህል አልዋጡም። ድምፁ ያው ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል አራት ወር አለፈ፤ ወይዘሮ ውዳሴ ያን አራት ወር እስከ ዛሬ ከልባቸው አላወጡትም።

መጋቢት ላይ የዕድሩ አባል የአቶ ጎሹ እናት ለሕክምና በሄዱበት ሐዋሳ አረፉ። አቶ ገበየሁ ዛሬስ ይቅርብህ ቢባሉ እምቢ ብለው ወጡ። ጥሩምባው እንደወትሮው ጮኸ፤ «እናት» የምትለዋ ቃልና የሟቿ ስም ግን ጉሮሯቸው ውስጥ ቀሩ። ሰፈሩ የሰማው «አቶ ጎሹ አርፈዋል» የሚለውን ነው። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ወየው ጎሹ! ወየው ወንድሜ!» እያለ ቢደርስ፣ በሩን የከፈቱት አቶ ጎሹ ራሳቸው ሆኑ። «እኔ አለሁ! እናቴ ናት የሞተችው፤ እባካችሁ ለእሷ አልቅሱላት» አሉ። ለቀስተኛው ማልቀስም መሳቅም አቃተው።

በሳምንቱ የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ሙሐሲን ቤታቸው መጥተው፣ ዕድሩ በባጃጅ ላይ የሚጫን የድምፅ ማጉያ መግዛቱን አንገታቸውን ደፍተው ነገሯቸው። «ጥሩምባው ግን ያንተ ነው ጋሽ ገበየሁ፤ ግድግዳህ ላይ ይሰቀል» አሉ። አቶ ገበየሁ በሹክሹክታ «ሞትም እንደ ሎተሪ በባጃጅ ይዞር ጀመር?» አሉ። እንግዳው ሲወጣ ግን የሚስታቸውን እጅ ይዘው «የኔን በባጃጅ እንዳታስለፍፊ። ስሜን የሚያውቀኝ ሰው ይጥራው» አሏቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ የለመኑት ነገር የለም።

ሚያዝያ ላይ ሔለን እናቷን አስከትላ አባቷን ሐዋሳ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በአፍንጫቸው ቀጭን ካሜራ አስገብተው ካዩ በኋላ፣ ሰው ሲናገር የሚገጥሙ ሁለት የድምፅ አውታሮች እንዳሉ፣ የእርሳቸው የግራው ሽባ እንደሆነ ተናገሩ። ወይዘሮ ውዳሴ «እጅና እግር ሽባ ሲሆን አውቃለሁ፤ ድምፅም ሽባ ይሆናል እንዴ?» ብለው ጮኹ። ሐኪሙ ሳይሰለቹ ጠየቁ፤ እንቅርት በቀዶ ሕክምና አስወጥተዋል? አንገታቸው ተመቶ ያውቃል? ስትሮክ ነበረባቸው? ለቀዶ ሕክምና ተኝተው ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶ ነበር? ለሁሉም መልሱ የለም ሆነ። ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ፣ ጭራሽ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርም አለ አሉ። ከዚያ ግን የግራውን አውታር የሚያዘው ነርቭ ከአንገት ወደ ደረት ወርዶ፣ ትልቁን የደም ሥር ዞሮ ወደ ጉሮሮ እንደሚመለስ አስረድተው፣ ደረታቸው በራጅ እንዲነሣ አዘዙ። በግራ ሳንባቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። ነርቩን ያነቀው እርሱ ነበር።

ለካ ጉሮሮው መርዶ ነጋሪ ነበር እንጂ ሟቹ ሌላ ነው። እንጥል ማስቆረጥም የተሳሳተ ቤት ገብቶ ማልቀስ ኖሯል። ወይዘሮ ውዳሴ «ጥር ላይ ብናመጣቸው ይድኑ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ዕጢው ከመስከረምም በፊት የነበረ ነው አሉ፤ ይድኑ ነበርም አይድኑም ነበርም አላሉም። እንግዲህ ዛሬ እዚህ የቆማችሁ ሁሉ፣ ልጆችም አዋቂዎችም፣ ድምፃችሁ ሰልሎ ሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ውሃም ትን ካላችሁ፣ ማንም እናት እንጥል ነው ብትላችሁ እሺ አትበሏት። ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህን የምትላችሁ ራሷ «እንጥል ነው» ያለችው ሴት ናት።

አቶ ገበየሁ ሕክምናቸውን በሐዋሳና በቤታቸው ሲከታተሉ ቆይተው፣ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው አረፉ። የወይዘሮ ውዳሴ ባል፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የሳሮንና የሀሌሉያ አያት ነበሩ።

ዛሬ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ባጃጁ አልወጣም። ወይዘሮ ውዳሴ ጥሩምባውን ከግድግዳው አውርደው ከአቶ ሙሐሲን ጋር ወጡ። ሁለቴ ነፍተው እምቢ አላቸው፤ በሦስተኛው እንደ ጥጃ ጮኸ። ሰው እንዳይሳሳት ፈርተው በየማዕዘኑ እየቆሙ ሦስት ሦስት ጊዜ ጠሩ፤ «አቶ ገበየሁ ተክለብርሃን አርፈዋል። እናታቸው አይደሉም፣ ወንድማቸውም አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።» ከሁሉ ቀድመው የደረሱት አቶ ጎሹ ናቸው።

ጥሪውን ሰምታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የስንቱን ስም ሲጠሩ የኖሩትን እኒህን ሰው፣ ፈጣሪ በስማቸው ጠርቶ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያስቀምጥልን። አሜን።