ሚካኤልንና ጁምዓን የሚያውቁ ዝንጀሮዎች

ኅዳር 8፣ እሑድ

ጠዋት ውርጭ፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ። ከቅዳሴ መልስ ዝግባው ሥር የተገኘነው፦ የማሳ ጥበቃው ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን፣ ከእኛ ወገን ዘጠኝ አባወራ፣ ከጀርባቸው እኔ። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ ከሐጂ አማን ወገን የተጠራ የለም።

ቅዳሴ ላይ ሳለን ዝንጀሮዎቹ የጋሽ መኮንን ገብስ ውስጥ ገብተዋል። ያልበሉትን ረግጠውታል። በቃ ተባለ፤ ቅዳሜ መርዝ ይቀመጣል። የተቀቀለ ድንች መርዝ ተቀብቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይበተናል። መርዙ ተገዝቶ ጋሽ መኮንን ቤት ተቀምጧል።

አንዱ "ውሻስ?" አለ። ይታሰራል ተባለ። ስለ ወንዙ የጠየቀ አልነበረም። ከገደሉ ሥር ያለውን ውሃ የስንት ሰው ከብት ይጠጣዋል። ልናገር ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ስብሰባ ላይ ቃል ተንፍሼ አላውቅም።

ሌላም ተወራ። በበዓላችን ቀን ዝንጀሮውን ወደ እኛ የሚነዱት እነ ሐጂ አማን ናቸው ተባለ። ይኸኛው ከመርዙ ይብስ አስፈራኝ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ብርድ፣ ደመና። ቆሎ ስጠቀልል ዋልኩ።

ለቆሎዬ መጠቅለያ አሮጌ ወረቀት በኪሎ እገዛለሁ፤ ጋዜጣ፣ የተማሪ ደብተር፣ ከመጽሐፍ የተገነጠለ። ሳላነበው የምጠቀልለው የለም። ከአራተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ በዚህ ነው።

ዛሬ ሐምሌ ላይ ያገኘኋትን ቅዳጅ እንደገና አነበብኳት። ስለ ቺምፓንዚና ስለ ጎሪላ ናት፣ ጭራ ስለሌላቸው ትልልቆቹ። (የእኛ ዝንጀሮ ጭራ አለው፤ ለእነሱ የሩቅ ዘመድ ነው። ይህን ለይቶ ለማወቅ ሦስት ቅዳጅ ፈጅቶብኛል።) የሚያጠኗቸው ሰዎች ወራት ሙሉ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አይጮኹም፣ አይጠጉም፣ ምግብ አይሰጡም። ለእያንዳንዱ ስም ያወጣሉ፣ ያዩትን በየቀኑ ይጽፋሉ። ቺምፓንዚ ቀንበጥ ልጦ ምስጥ ያወጣበታል። እናቱ የሞተችበት ግልገል ይተክዛል። ጫካ ሲጠብባቸው ወደ ሰው እርሻ ይወርዳሉ። ከዚያ በታች ተቀዷል።

ዝም ብሎ መቀመጥ ከሆነማ የእኔ ሙያ ነው ብዬ ነበር ያኔ። ከመስከረም ጀምሮ ማማዬ ላይ ስጽፍ ከርሜያለሁ። ትልቁን ወንድ ሊቀመንበር አልኩት። ግራ እጇ የሰለለባትን እናት ወለላ። ልጇ ገና ጡት አልጣለም።

ቅዳሜ የሚሞቱት እነዚህ ናቸው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ፀሐይ፣ ነፋስ። ማማው ላይ እኔና ከድጃ።

ከድጃ የሐጂ አማን ልጅ ናት፣ ማሳችን ድንበርተኛ ነው። አብረን ነው ያደግነው። የእሑዱን ሐሜት ደብቄያት ነበር፤ ለካ ሰምታለች። "እኛም ቤት እናንተን ነው የሚያሙት" አለችኝ። "አርብ አርብ ዝንጀሮ የምትነዱብን እናንተ ናችሁ።"

አርብ አርብ?

ደብተሬን አወጣሁ። በእኛ ወገን የገቡባቸው ቀናት፦ ጥቅምት 12፣ 19፣ 21፣ 27። ከእነዚህ ሌላ እሑድ እሑድ ሁሉ። በእነሱ ወገን፦ ጥቅምት 15፣ 22፣ 29፣ ኅዳር 6። ሁሉም አርብ፣ ሁሉም ከስድስት ሰዓት በኋላ።

ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም። እሑድ ቅዳሴ። አርብ ጁምዓ።

ሁለት ወር ሙሉ ስጽፈው አላየሁትም። እኔ እነሱን ሳጠና እነሱ እኛን ጨርሰው አጥንተዋል። ማማው ባዶ የሚሆንበትን ቀን ያውቃሉ። እኛ ግን የጎረቤታችንን የጸሎት ሰዓት እንኳ አስበነው አናውቅም።

ሌላም ታየኝ። አፋፉ ላይ የነበረውን ቀጋ ለአጥር ብለን የቆረጥነው እኛ ነን። ፍሬው የእነሱ ቀለብ ነበር። ቀለባቸውን ቆርጠን በእሾሁ አጠርንባቸው።

ከድጃ ብድግ አለች፤ "አባቴን ነገ ይዤው እመጣለሁ። አንቺ ግን ትናገሪያለሽ።"

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ፀሐይ። ዝግባው ሥር የተገኙ፦ እሑድ የነበሩት ሁሉ፣ ሐጂ አማን፣ ከድጃ፣ ጴንጤው ታደሰ።

ተናገርኩ።

ድምፄ አልወጣ ብሎ ሁለቴ ጀመርኩት። "ጋሽ መኮንን፣ ዝንጀሮውን የሚነዳው ሰው አይደለም። እኛ የማንኖርበትን ቀን ለይቶ ነው የሚመጣው።"

"እና ባሕረ ሐሳብ ተምሯል ነው የምትይኝ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ አማን ግን አልሳቁም፤ ደብተሩን አንብቢው አሉኝ። ቀኖቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ታደሰ፣ የእሱ ማሳ በሚካኤል ተነክቶ እንደማያውቅ፣ የሚበላው እሑድ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። እሱ በሚካኤል ማሳው ላይ ነው፣ እሑድ ግን ጸሎት ቤት። ሐጂ "ዱጋ" አሉ፣ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

ሁለት ቀን ለመንኩ። ነገ ሚካኤል ነው፤ የእኛን ማማ እነ ሐጂ ይጠብቁ። አርብ በጁምዓ የእነሱን እኛ። ድንጋይ የለም፣ ጩኸት የለም። ሰው መኖሩን ብቻ ይዩ።

ጋሽ መኮንን ደብተሬን አየት አደረጉና "ስም አውጥታላቸዋለች ይባላል። ትልቁን ማን አልሽው?" አሉ።

"ሊቀመንበር።"

"በእኔ ነው?"

"እሱም ከፍ ያለ ድንጋይ ካላገኘ አይቀመጥም" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሐጂ አማን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ መኮንንም ፈገግ አሉ፣ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበደ።

"ከገቡስ?"

"መርዙን ድንቹ ላይ የምቀባው እኔ እሆናለሁ።"

ቃሌ ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

የኅዳር ጭስ ነው፤ ሁሉም ቆሻሻውን አቃጥሎ ሰፈሩ ታፍኗል። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጋሽ መኮንን ቅዳሴው ላይ ሆነው ዓይናቸው ወደ ማሳው ነበር። የእኔም።

አልገቡም!

ከድጃ እንደነገረችኝ፦ ሦስት ሰዓት ላይ ሊቀመንበር ከገደሉ ብቅ አለ። ቀና ሲል የእኔ ማማ ላይ ከድጃን፣ የጋሽ መኮንን ማማ ላይ ሐጂ አማንን አየ። ቁጭ ብሎ ክንዱን አከከ፣ እንደገና ቀና አለ። "ቀን የተሳሳተ መስሎት የሚቆጥር ነበር የሚመስለው" አለች። ከዚያ መንጋውን ይዞ ወረደ።

ጋሽ መኮንን ግን አልተቀበሉትም። የመለሳቸው ጭሱ ነው አሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ነገ ጭስ የለም።

ኅዳር 13፣ አርብ

ጥርት ያለ ሰማይ። እነ ሐጂ አማን ለጁምዓ ሄዱ። በማማቸው ላይ እኔና ጋሽ መኮንን።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዝንጀሮዎቹ መጡ። ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። ጋሽ መኮንን ወንጭፋቸውን ሲያነሡ እጃቸውን ያዝኩ። የትልቅ ሰው እጅ መያዜ በኋላ ነው የገባኝ። ሊቀመንበር ገብሱ ጫፍ ድረስ መጣ። እሱ አየን። እኛም አየነው።

ዞረ።

መንጋው አፋፉን ይዞ፣ ሳንቆርጠው በተረፈው አንድ ቀጋ ላይ ሰፈረ። ወለላ ልጇን በደህናው እጇ አቅፋ ፍሬውን በአፏ ትለቅም ነበር። ጋሽ መኮንን ከእሷ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

"እጇ ምን ሆኖ ነው?"

አላውቅም፣ ካየኋት ጀምሮ እንዲሁ ናት አልኳቸው።

"እኔ ነኝ" አሉ። "አምና በወንጭፍ።"

ሐጂ አማን ከመስጊድ ሲመለሱ ጋሽ መኮንን ከማማው ወርደው ጨበጧቸው። በዓል በዓል የእኛን እነሱ ይጠብቃሉ፣ እሑድም እነሱ፣ አርብ የእነሱን እኛ። በአፍ ተስማሙ፣ በእኔ ደብተር ተጻፈ። አፋፉ ላይም ከእንግዲህ ቀጋ አይቆረጥም፣ አይታረስም። መርዙ ለሻጩ ይመለሳል።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ውርጭ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማማዬ ላይ ወጣሁ። ጋሽ መኮንን መንገዱ ዳር የመርዙን ቆርቆሮ በፌስታል ጠቅልለው የአሰላ ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ።

ሊቀመንበር ድንጋዩ ላይ ነበር። ከኔ ወደ ከድጃ ማማ፣ ከከድጃ ወደ ኔ ያያል። አዲሱን ተራችንን መቁጠር ጀምሮ ይሆን? ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት አላውቅም። ደብተሬ አልቋል፣ ሌላ እገዛለሁ።

"አልገቡም" ብዬ ጻፍኩ። ወረድኩ። ቀጋው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ፣ ማንም ሳያውቅ እንዳይቆርጠው። ማጭዴን ሳልኩ። ከድጃ ከዚያኛው ድንበር፣ እኔ ከዚህኛው፣ ማጨድ ጀመርን።