ወንድሜን ስላሠለጠኑልን እናመሰግናለን

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር፣ ቁስቋም

ይድረስ በስልክ የወንዶች አሠልጣኝ ለሆኑት ለክቡር «ዶክተር» ጌቾ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከእኛ ቤት ጤና ስለጠፋ የእርስዎን አብዝቼ እመኛለሁ። ይህን ልጻፍ ወይስ ልተው እያልኩ ደጋግሜ ሰርዣለሁ። እንዲህ ባለ ነገር ሴት ልጅ፣ ያውም እንደ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች፣ አፏን አትከፍትም። ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ነበርኩ። አሁን ግን ዝም ማለቱ ከመናገር ይልቅ ስላስፈራኝ፣ ሰዎች ምስጋናቸውን በሚጽፉልዎት ቦታ፣ ከቪዲዮዎ ሥር፣ እኔም የራሴን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ታላቅ ወንድሜን በማስተማርዎ አመሰግናለሁ። ስሙን አልጽፍም። ግንበኛ ነው፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ እጮኛው የዛሪማ ልጅ ናት። ሸጋ ልጅ ነው፣ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ እርስዎ ግን ለሙሽሮች ባዘጋጁት ትምህርት ከወንድነቱ እንደሚጎድለው ነገሩት። የሚከታተልዎት በእኔ ስልክ ስለሆነ፣ ሲመልስልኝ ድምፅዎ ሳይቋረጥ እጄ ላይ ደረሰ፦ «ጀግናው! ካመመህ እያደገ ነው ማለት ነው፤ እንዳታቆም!» ወንድሜ ስልኩን መልሶ ነጠቀኝና ፊቱ ቀላ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

ሁለተኛ፣ ክብደት ማንጠልጠል ይጠቅማል ስላሉ፣ ግድግዳ የሚያቀናበትን ቱንቢ ከነገመዱ ከፍራሹ ሥር አገኘሁት። በሥራው ላይ ቱንቢ ዋሽቶት ስለማያውቅ፣ ቱንቢ የሚያስይዙት እርስዎም የማይዋሹ መስሎት ነው። ስላከበሩት ሙያው አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ የቤቱን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ደም አየሁ። ስጠይቀው «ድንጋይ ቧጭሮኝ ነው፤ ለእማዬ ትንፍሽ ብትዪ እህቴ አይደለሽም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲቀመጥ ወደ ጎን አዘንብሎ ነው፤ ሽንት ቤት ሲገባ ሲያቃስት ይሰማኛል። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ትኩሳት ጀመረው።

አራተኛ፣ የአባቴ ወንድም አያ አለኸኝ፣ ወንድሜ ተጣጥፎ ተኝቶ አዩትና «ይኼማ በሙሽራ ላይ የሚደረግ መተት ነው፤ ሰው ቀንቶበታል» አሉ። እማዬ «ምነው ልጄ፣ አንተ ማንን ምን አደረግህ?» እያለች አለቀሰች። ጎረቤታችን እትየ አልማዝ ልጃቸውን ሊድሩለት አስበው ነበር ስለሚባል፣ እማዬ ዛሬ ሰላምታቸውን ሳትመልስ ቀረች። እኒያ ሴትዮ ትናንት አጥሚት ሠርተው ያመጡለት ናቸው። ነገ ጧት ሩቅ ካለ ጠበል ወስደው እዚያው ሊያሰነብቱት ተስማምተዋል። ወንድሜም መተት መባሉን ወደደው፤ ከእውነቱ ያነሰ ያሳፍራላ። እኔ ጠበሉን አምናለሁ። ቁስሉን ደብቀን ሐኪም ከሌለበት ስንወስደው ግን፣ እዚያ ቢብስበትስ? ሽንቱ ጭራሽ ቢዘጋስ? ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ዝም ብዬ ብገድለውስ?

ስንተኛው ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ሰው ግን ከቪዲዮዎ ሥር «እኔ ደምቻለሁ፤ ሐኪሙ እንዲህ ያለው ጉተታ የደም ሥር ይጎዳል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም ብሎኛል፤ ወንድሞቼ ተጠንቀቁ» ብሎ ጽፎ ነበር። ለወንድሜ ላሳየው ስመለስ ጽሑፉ የለም። ምስጋናው ሁሉ ግን እንዳለ ነው። ቤትዎን እንዲህ ንጹሕ አድርገው ስለሚይዙ አደንቃለሁ። የእኔንም እንደሚያጠፉት አውቃለሁ፤ እስከዚያው አንድ ሙሽራ ካነበበው ይበቃኛል።

ነገ ጧት እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ስትነሣ፣ በሩ ላይ እቆማለሁ። አያ አለኸኝም እየሰሙ፣ «እማዬ፣ መተት አይደለም፤ እትየ አልማዝም የሉበትም፤ ራሱን ጎድቷል፤ መጀመሪያ ሆስፒታል እንውሰደው» እላለሁ። ድምፄ እንደሚጠፋ ስለማውቅ ቱንቢውን በእጄ እይዛለሁ። ወንድሜ እህቴ አይደለሽም ይበለኝ፤ ይህን እያለኝ ዕድሜ ልኩን ይኑርልኝ።

ለማስተማር የማይታክተውን አንደበትዎን እግዚአብሔር ያሳርፍልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከብዙ ፍርሃት ጋር እሰናበታለሁ።

የአንዱ ተማሪዎ እህት

ማስታወሻ፦ በቪዲዮዎ ሁሉ ላይ ጥቁር መነጽርና ጭምብል አድርገው ነው የሚታዩት። ወንድሜ ግን ነገ ከእናቱ የደበቀውን ለማያውቀው ሐኪም ያሳያል። «ጀግናው» የሚሉትን ቃል ከዚያ በኋላ ለእርሱ ቢተዉለት ደስ ይለኛል።